«ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው» አይበቃም፦ ለሥራችን ነሲሓ ስለመጠየቅና ስለመስጠት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ከመካከላችን ከክፍል ትምህርቱ ጎን ለጎን አንድ ነገር የማይሞክር ተማሪ ጥቂት ነው። አንዱ አፕ ይሠራል፣ አንዷ በቴሌግራም ልብስ ትሸጣለች፣ ሌላው ለሰፈሩ መድረሳ የሒፍዝ መከታተያ ሰንጠረዥ ያዘጋጃል። እኔና ሦስት የክፍል ጓደኞቼም በዚህ ዓመት አንድ ድረ ገጽ ጀምረናል። ሐሳቡ ቀላል ነው። በገበያችን ካሉት ዕቃዎች መካከል በደንብ ታስቦባቸው የተሠሩትን እየመረጥን፣ ለምን እንደመረጥናቸው ከሥራቸው እየጻፍን እናቀርባለን። ምድጃ፣ የእህል ማቆያ ከረጢት፣ የፀሐይ መብራት፣ ማንቆርቆሪያ፣ የተማሪ ቦርሳ። የምንሸጠው ነገር የለም። ሰው ብሩን ከማውጣቱ በፊት አይቶ እንዲወስን ነው።

ሊንኩን ለጀመዓው በላክን ዕለት ብዙ መልስ መጣ። «ማሻአላህ»፣ «ባረከላሁ ፊኩም»፣ «ቀጥሉበት»፣ አንዳንዱም የልብ ምልክት ብቻ። ለዱዓው አሚን ብለናል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መልስ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ እንድንቀይር የሚያደርግ አልነበረም። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ፕሮጀክት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። የጓደኛን ሥራ ፊት ለፊት «ይህ አልገባኝም» ማለት በእኛ ሀገር ነውር ይመስላል።

ጉዳዩ የኛን ስሜት የሚመለከት ብቻ ቢሆን ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት አያስፈልግም ነበር። ግን አንድ ተማሪ በኛ ዝርዝር ውስጥ ያየውን ምድጃ ገዝቶ፣ አስጭኖ ለእናቱ ቢወስድና የእናቱ ምጣድ ባይገጥምበት፣ የባከነው የኛ ልፋት ሳይሆን የእሷ ገንዘብ ነው። ዕቃን «ጥሩ ነው» ብሎ ለሰው ማሳየት አማና ነው። አማና ከሆነ ደግሞ ነሲሓ መጠየቁም መስጠቱም ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ያን ሥርዓት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንመጣ በመኪና መስኮት የምናየው ቦታ አለ።

ሲሪንቃ እንዴት እንደምትጠይቅ

አብዛኞቻችን ሲሪንቃን የምናውቃት አልፈናት ነው። በሐብሩ ወረዳ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በግብርናው ዓለም ግን ስሟ ከስፋቷ ይበልጣል። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የምሥራቅ አማራን ዝናብ አጠር አካባቢዎች የሚያገለግል ማዕከል ነው። ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች ውስጥ የጁ፣ ራያ፣ ጊራና-1 የሚባሉት ስማቸውን ከዚሁ ከአካባቢያችን ወስደዋል። ዞብል የሚባል ጤፍም አለ።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሆኖ ላየው፣ ዝርያ ማውጣት ዕቃ ዲዛይን ከማድረግ አይለይም። መነሻ ችግር አለ፣ ብዙ አማራጭ ይሞከራል፣ አብዛኛው ይጣላል፣ ጥቂቱ ይመረጣል፣ በመጨረሻም ሰው እጅ ይገባል። ችግሩ የሚመጣው መራጩና ተጠቃሚው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ነው።

ተመራማሪው ማሽላ ሲያስብ መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት ጠላቶች ናቸው፤ ድርቅና አቀንጭራ። ድርቁን እናውቀዋለን። አቀንጭራ ግን ከተማ ላደግነው እንግዳ ሊሆን ይችላል። አበባዋ የሚያምር፣ ሥሯ ግን የማሽላውን ሥር ጠብቶ የሚኖር አረም ናት። አንዷ ተክል ብቻዋን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ወለንኮሚ ተወልደው፣ በጅማና በዓለማያ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ ባደረጉት ሥራ ነው። አንዱ ብልሃት ያንን የመቀስቀሻ ኬሚካል በጣም በጥቂቱ የሚያመነጭ ማሽላ መምረጥ ነበር። ጠላት በሩን ካላገኘው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ጎብዬ፣ አብሽር፣ ብርሃን የሚባሉ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ወጡ። (አብሽር! ለወሎ ሰው ከዚህ የተሻለ የዘር ስም ከየት ይገኛል?)

በሳይንሱ በኩል ካያችሁት ሥራው አልቋል ማለት ነው። አረሙን ይቋቋማል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ዝናብ ቀድሞ ቢቆምም ፍሬ ይሰጣል። ከእርሻ ቤት ለመጣችሁ የምናገረው ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል እንጂ፣ አርሶ አደሩ የሚቆጥረው ግን ሌላም ነበር። ማሽላ ለሐብሩና ለራያ ቆቦ ቤተሰብ እህል ብቻ አይደለም። አገዳው በበጋ የበሬው መኖ ነው። አገዳው ማገዶ ነው። አገዳው አጥር ነው፣ ለቤትም ይሆናል። አጭርና ፈጣን ዝርያ በሔክታር ጥሩ ኩንታል ቢሰጥም፣ አገዳው ቀጭንና ጥቂት ከሆነ የበሬው የበጋ ቀለብ የለም፤ በሬው ከሳ ማለት ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ ከሳ ማለት ነው። ሌላም አለ። የጎረቤት ማሳ ሁሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ብቻውን የደረሰ ማሽላ የወፍ ገበታ ነው፤ የአካባቢው ግሪሳ በሙሉ እሱ ላይ ይወርዳል። ዝናቡ ሳያባራ ከደረሰም ፍሬው ይሻግታል። እነ ደጋሊት፣ እነ ጅጉርቴ የሚባሉት ረጃጅም የሀገር ዘሮች እስከ ዛሬ ከማሳ ያልጠፉት ገበሬው «አዲስ ነገር ስለማይወድ» አይደለም። ይህን አባባል በክፍል ውስጥ ስሰማ ሁሌ ይከነክነኛል። በሚያዝያ ዝናብ ከዘነበ ረጅሙን ዘር ይዘራል፤ ዝናቡ እስከ ሰኔና ሐምሌ ከዘገየ ደግሞ ያው ገበሬ ራሱ ፈጣኑን ዘር ይፈልጋል። መልሱ በወሩ ይወሰናል ማለት ነው። በዝናብ አጠር አካባቢዎች በማሽላ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን የአገዳ ጉዳይ ደጋግመው ያነሱታል።

ለዚህ ነው ሲሪንቃን የመሰሉ ማዕከላት «አሳታፊ የዝርያ መረጣ» ወደሚባለው ዘዴ የሄዱት። ዘዴውን በዝርዝር የምጽፈው ለኛ ፕሮጀክቶች እንዳለ ስለሚሠራ ነው።

ዝርያዎቹ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ይዘራሉ። ከአዲሶቹ መካከል ገበሬው እስካሁን የሚጠቀምበት የሀገር ዘር ማነፃፀሪያ ሆኖ ይገባል። በየመደቡ ላይ የሚታየው ቁጥር ነው፤ የትኛው የተመራማሪው ተስፋ የተጣለበት እንደሆነ ጽሑፉ አይናገርም። ገበሬዎቹ ማሳው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት «ከማሽላ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ መመዘኛውን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ከዚያ እየዞሩ ያያሉ፣ ይነካሉ፣ ያወዳድራሉ፣ በደረጃ ያስቀምጣሉ። «ጥሩ ነው ወይ?» የሚባል ጥያቄ የለም፤ «ከነዚህ ውስጥ የቱ ይቀድማል? ለምን?» ነው። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ቢጠየቁ ይመረጣል። ምክንያቱም ወንዱ ስለ አገዳና ስለ በሬ ሲናገር፣ ሴቷ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ሊጡ፣ እንጀራው በማግስቱ ይደርቅ እንደሆነ ትናገራለች። አብረው ከተቀመጡ የእሷ ወሬ ሳይነሳ ስብሰባው ሊያልቅ ይችላል። ጥያቄው የሚነሳውም አንዴ ብቻ አይደለም፤ ሲያብብ ያማረው ማሽላ ሲታጨድ ሌላ፣ ምጣድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ዝርያ በይፋ ከመለቀቁ በፊትም አጽዳቂ ኮሚቴው የሚገመግመው በምርምር ጣቢያው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደር ማሳ ላይም የተዘራውን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ተመራማሪው ዲግሪ አለው፣ ሚዛን አለው፣ ሰንጠረዥ አለው። ገበሬውን የሚጠይቀው ግን ለትሕትና ብቻ አይደለም። ገበሬው የሚያውቀውን እሱ ስለማያውቅ ነው።

በሱናው ያለን መሠረት

ይህ ነገር ለኛ ከውጭ የመጣ መስሎ ሊታየን አይገባም። በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የመዲና የቴምር ዛፎች ታሪክ አብዛኞቻችን በቂርአት ቤት ሰምተነዋል። የመዲና ሰዎች የወንዱን ቴምር አበባ ከሴቷ ጋር እያገናኙ ሲያዳቅሉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዩ፤ ባይደረግም ምንም የማይጎዳ እንደሚመስላቸው ገለጹ። ሰዎቹ ተዉት። በዚያ ዓመት ፍሬው ሳያምር ቀረ። ነገሩ ሲነገራቸው፣ በዱንያ ሥራቸው ጉዳይ እነሱ ይበልጥ አዋቂ መሆናቸውን ነገሯቸው። ከፍጥረት ሁሉ በላጩ ሰው የገበሬን እውቀት ለገበሬው ከመለሱ፣ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ድረ ገጽ ስለሠራ ብቻ ከእናቱ በላይ ምድጃ አውቃለሁ ሊል የሚችልበት በር ከየት ይመጣል?

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሐዲስ ይዘው «ንግድና ቴክኖሎጂ የዱንያ ጉዳይ ነው፣ ዲን አይገባበትም» ሲሉ ይሰማል። ይህ ልክ አይደለም። በዚያው በሶሒሕ ሙስሊም፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጡ ሲያስገቡ እርጥበት ማግኘታቸው ተዘግቧል። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ቴምር እንዴት እንደሚዳቀል የገበሬው እውቀት ነው። የዕቃውን ጉድለት ከላይ ማድረግ ግን ዲን ነው። ዕቃ መርጦ ለሚያቀርብ ሰው ይህ ሐዲስ እንደ ሥራ መመሪያ ነው። የመረጥነው ምድጃ ከሲሚንቶ ስለሆነ ይከብዳል፣ ቤት የሚቀያይር ተከራይ ይቸገርበታል፤ ይህ ከዋጋው አጠገብ መጻፍ ያለበት እንጂ በጥያቄ ብቻ የሚወጣ መሆን የለበትም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልጥቀስ። አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ተነግሯል፤ እዚያው ላይ የሚያርድ ሰው ቢላውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ ታዟል። መሣሪያው ጥሩ መሆን ያለበት ለያዘው እጅ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ለሚያርፍበትም ጭምር ነው። ስለ ዲዛይን ብዙ አንብቤያለሁ፣ ከዚህ የጠለቀ አላጋጠመኝም።

ወደ ድረ ገጹ ስንመለስ

የሲሪንቃን ማሳ ወደ ስክሪን እናምጣው። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ለውጥ «ድረ ገጻችን እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ መተው ነው። ይህ ጥያቄ ከ«ማሻአላህ» ሌላ መልስ አያመጣም። በምትኩ ሥራ ስጡ። ለአንዲት እህት ስልኩን አቀብላችሁ «ለእናትሽ ከአንድ ሺህ ብር በታች የሚሆን የፀሐይ መብራት ፈልጊ» በሏት። ከዚያ ዝም በሉ። ይህ «ዝም በሉ» የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። ጣቷ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሲሄድ «እሱ ሳይሆን ከላይ ያለው» ማለት ያምራችኋል። አትበሉ። ጣቷ የሄደበት ቦታ ነው አስተያየቱ። እናንተ ሁልጊዜ ከተጠቃሚው አጠገብ ቆማችሁ አታስረዱም።

ስንት ሰው ይበቃል? የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ለአንድ ዙር አምስት ሰው እንደሚበቃ ይሟገታል። ብዙው ችግር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ላይ ይታያል፤ ከዚያ አስተካክሎ ሌላ አምስት መጠየቅ ይሻላል። ለኛ ይህ የምሥራች ነው፤ መቶ ሰው መሰብሰብ አይጠበቅብንም። ግን አምስቱ ሁሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ወንዶች ከሆኑ አምስት ሳይሆኑ አንድ ናቸው። አንድ የግብርና ተማሪ፣ ስልኳ አሮጌ የሆነ እህት፣ ዳታ የሚቆጥብ ልጅ፣ የመስጂዱ ሙአዚን፣ ወደ ቤት ስትደውሉ ስልኩን የሚያነሳ ታላቅ ወንድም። እነዚህ ይለያያሉ።

ማነፃፀሪያውን አትርሱ። የሲሪንቃ ገበሬ አዲሱን ዘር ብቻውን አይመዝንም፤ ከሚያውቀው ዘር ጎን ነው የሚያየው። የኛ ድረ ገጽም የሚወዳደረው ከሌላ ድረ ገጽ ጋር አይደለም። ሰው ዛሬ ዕቃ ሲገዛ ምን ያደርጋል? ለጎረቤት ይደውላል፣ ወይ ገበያ ሄዶ ሦስት ሱቅ ይጠይቃል። ጎረቤቷ በሁለት ደቂቃ ከምትነግራት በላይ ካልነገርናት ድረ ገጹ አያስፈልጋትም። ስለዚህ አንዱ ጥያቄ «ይህን ባታዪ ኖሮ ማንን ትጠይቂ ነበር? እሱ ምን ይልሽ ነበር?» መሆን አለበት።

የዕቃዎቹን መረጣ በሚመለከት ደግሞ አንድ ምሳሌ ልውሰድ፤ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሀገራችን የተሠራ፣ ከሲሚንቶ ተቀርጾ በስድስት ክፍል የሚገጣጠም ነው፤ አራቱ ምጣዱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ጭሱን ተቀብለው ድስት ያስቀምጣሉ። እንጀራ ሲጋገር የባከነው ሙቀት ወጥ ያሞቃል ማለት ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው ወጥ ቤት ገብቶ አይቷል። በብዙ ቦታ «ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነፃፀር ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል» ተብሎ ይጻፋል። በኢትዮጵያ ገጠር ቤቶች፣ እናቶች ራሳቸው እየጋገሩ በተደረገ ጥናት ግን ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ቀላል አይደለም፤ ማገዶ በጀርባዋ ለምትሸከም ሴት ከአራት ሸክም አንዱ ቀረላት እንደማለት ነው። ግን ግማሽ አይደለም። ላብራቶሪው አልዋሸም፤ የለካው ሌላ እሳት፣ ሌላ እጅ ነው። ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ቁጥር ሲያገኝ «ማን ለካው? የት? ማን እየጋገረ?» ብሎ ካልጠየቀ የፋብሪካ ማስታወቂያ እየገለበጠ ነው።

የእህል ማቆያው ከረጢትም እንዲሁ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከላይ፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። በጣም የምወደው ዲዛይን ነው። ጎተራ ያለው ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «አይጥ ቢበሳውስ?» ነው። ከተበሳ አየር ይገባዋል፣ ከንቱ ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ከመቶ «ላይክ» ይሻላል።

ተጠያቂው እናንተ ስትሆኑ

እስካሁን ስለ መጠየቅ ነበር። አሁን ስለ መልስ። ብዙዎቻችን ዝም የምንለው «ሐሜት እንዳይሆን» ብለን ነው፤ ይህ ፍርሃት የሚመሰገን ነው፣ ነገር ግን ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ዒዳዋን ከጨረሰች በኋላ ሁለት ሰዎች አጯት፤ ሙዓዊያና አቡ ጀህም። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከረች። እሳቸውም ስለ አንዱ ድህነት፣ ስለ ሌላው ዱላ ከትከሻው የማይወርድ መሆኑ በግልጽ ነገሯት፤ ኡሳማን እንድታገባም መከሯት። «ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አላህ ያውቃል» ብለው አላለፏትም። ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ አንዱ ሙስሊሞችን ማስጠንቀቅና መምከር ነው፤ በጋብቻ፣ በሽርክና፣ አደራ በማስቀመጥ ጉዳይ የሚማከሩት ሰው ያለውን ጉድለት መደበቅ እንደሌለበት ይናገራሉ። እዚያው ላይም አንድ ነገር ያስጠነቅቃሉ፤ ተናጋሪውን ምቀኝነት ይዞት ሳለ ሸይጧን ነሲሓ አስመስሎ ያሳየዋል።

ይህን ይዘን ስንመለስ ድንበሩ ግልጽ ነው። «የዚህ ቦርሳ ዚፕ በሁለት ወር ተበላሸብኝ» ነሲሓ ነው። «ሠሪው ሌባ ነው» ነሲሓ አይደለም። «የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዋጋውን አጣሁት» ነሲሓ ነው። «እናንተ ዲዛይን የት ታውቃላችሁ» ምንም አይደለም። ያላያችሁትን «አልሞከርኩትም» በሉ። ይህም ሙሉ መልስ ነው። የሰው ሥራ ላይ ጉድለት ስታዩም ቡድኑ ፊት ሳይሆን ለብቻው ንገሩት፤ ዕቃው ሰው የሚጎዳ ከሆነ ግን የሚገዛው ሰው ማወቅ አለበት፣ ያኔ የሠሪው ሐፍረት ሁለተኛ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የገንዘብ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ተማሪ ስለሚጠይቀን ላንሳው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጅሽን ከልክለዋል፤ መግዛት ሳይፈልጉ ዋጋ በመጨመር ሌላውን ገዢ ማማለል ማለት ነው። ጓደኞቻችሁን አሰባስባችሁ ባልገዙት ዕቃ ላይ አምስት አምስት ኮከብ ማስሰጠት ምኑ ከዚህ ይለያል? ድለላ በራሱ የተፈቀደ ሥራ ነው፤ ደላላ መሆኑ የታወቀ ሰው ክፍያውን ይወስዳል። ችግሩ ደላላ ሆኖ እንደ መካሪ ሲናገር ነው። ምክር የተጠየቀ ሰው አደራ የተጣለበት መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ዕቃው ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ገንዘብ ቢሰጥ፣ ወይ አይወሰድም፣ ወይ ከዕቃው ስም አጠገብ በግልጽ ይጻፋል። የዝርዝሩን ሑክም የበለጠ ለማወቅ የፈለገ ኡስታዞችን ይጠይቅ፤ ወላሁ አዕለም።

ለዚህ ሳምንት

በዝርዝራችን ውስጥ ለማስገባት ያሰብነው አንድ ማንቆርቆሪያ አለ። መመዘኛችን ከአነስ (ረ.ዐ) ከተዘገበው ሐዲስ የመጣ ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር፣ ይህም ከአንድ ሊትር በታች ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ የትኛው ዕቃ ነው ሰው ሳይጨነቅ በዚያች ውሃ ውዱኡን እንዲያሟላ የሚያግዘው? አፉ ጠባብ የሆነው? ሰፊው? እጀታው ከላይ የሆነው ወይስ ከጎን?

ከጁሙዓ በፊት በውዱእ ማድረጊያው አጠገብ አራት ዕቃዎች ይቀመጣሉ፤ በእህቶች በኩልም ሌላ አራት። በላያቸው ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ከሚል ቁጥር በስተቀር ምንም አልተጻፈም፤ አንዱ ሁላችንም ዶርም ውስጥ ያለን ተራ ጆግ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ እኩል ውሃ ተለክቶ ይሞላል። ቢያንስ በሁለቱ ውዱእ አድርጉ፤ ለአንደኛው ውዱእ አንዱን፣ ለዐስር ሌላውን። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው በደረጃ ጻፉ፣ የመጨረሻ ያደረጋችሁትን ለምን እንደሆነም በአንድ መስመር። ስም አያስፈልግም። ውሃው ያልበቃችሁ ካላችሁ የትኛው እግር ላይ እንዳለቀባችሁ ጻፉልን።